ከፍሎ መፍራት

ገንዘቡን ከፍሎ የሚፈራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ውጫሌ፣ ጎረቤቴ እትዬ ሰይዳ ቤት አይቻለሁ። ፈሪዋ ልጃቸው ሀያት ናት። ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ሰሞኑን ለእረፍት መጥታለች።

እኛ እዚህ ፍርሃት የሚደርሰን በነጻ ነው፤ ያውም ሳንጠይቅ። እሷ ግን በእረፍት ቀኗ ትኬት ቆርጣ፣ ወረፋ ይዛ ፈርታለች። ቦታው ፊልም ላይ የምናየው ሁሉ በእውን የተሠራበት መዝናኛ ነው አለችን። ከተማው ከካርቶን፣ ጭራቁ ከፕላስቲክ ነው። ለመሆኑ ከፕላስቲክ ጭራቅ ለመሸሽ ይከፈላል?

ጓደኛዋ የቀረጸችውን ቪዲዮ በስልኳ አሳየችን። እሷን የጫነው ባቡር ሽቅብ ወጣና ቁልቁል ተወረወረ። ሀያት ዓይኗን ጨፍና ትጮኻለች።

ይኼኔ እትዬ ሰይዳ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

«ያ ረቢ! ልጄን በሰላም አውርድልኝ!»

ዱዓ ከተያዘ ማን ዝም ይላል? ማተብ ያሰርኩት እኔ እንኳ ሳልቀር ሁላችንም «አሚን!» አልን።

ሀያት በሳቅ ፈረሰች። «እማዬ፣ ይኸው አጠገብሽ ተቀምጫለሁ እኮ!»

«አሁንማ አለሽ» አሉ እጃቸውን ሳያጥፉ። «ያኔ ስትጮኺ ማን አሚን አለልሽ?»

ሳቋ ቆመ። ስልኩን ገልብጣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው።

«ወላሂ እማዬ፣ እዚያ አገር እንደ ልቤ የጮኽኩት ያን ቀን ብቻ ነው» አለች።

እትዬ ሰይዳ ዱዓውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔም ስለ ትኬቱ ያዘጋጀሁትን ቀልድ ዋጥ አድርጌ «አሚን» አልኩ።