ለአንድ ጠብታ ደም ዘጠኝ ጣት

ወገን፣ ዛሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር!

የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት መሆኔን ታውቃላችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጋምቤላን «ቺፕ፣ ቺፕ» እያልኩ ያደነቆርኩ ሴት ነኝ። የድንቹን አይደለም! የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፕላስቲክ ናት፤ ውስጧ ፈሳሽ የተሞሉ ከፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሉ። አንድ ጠብታ ደም ጠብ ታደርጉባታላችሁ፤ ደሙ በቦዩ ሄዶ ሄዶ የኩላሊትን ነገር ይነግራችኋል። መርፌና ብልቃጥ ቀረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የለፋሁት ለእነ ማማ ኛኪም ነው።

ማማ ኛኪም ገበያ ዓሣ ይሸጣሉ፣ ስኳር አለባቸው። ሐኪሙ ኩላሊትዎን በየወሩ ይመርመሩ ብሏቸው ነበር። ግን ደም ሥራቸው አልገኝ እያለ ክንዳቸው እስኪያብጥ ሲወጉ፣ በቃኝ ብለው ከቀሩ ሦስት ወር ሆናቸው። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው።

«አንድ ጠብታ ብቻ፣ ከጣት። ማርያምን!» አልኩ።

እሳቸው እኮ ጴንጤ ናቸው! የማልኩት ለራሴው ነው።

ዛሬ የእሁድ ቀሚሳቸውን ለብሰው ላብራቶሪ መጡ። ውጭ አግዳሚው ላይ ደግሞ አምስት ሴት ጎረቤቶቻቸው ተቀምጠዋል። ሁሉም መርፌ ሸሽተው የቀሩ ናቸው፤ የማማን አይተው ሊወስኑ ነው። ማማ ከከፋቸው አምስቱም የሉም።

ቺፗን ከፍሪጅ አወጣሁ፣ ጣት ወጋሁ፣ ጠብ አደረግኩ።

አረፋ!

አንዲት ሚጢጢ የአየር አረፋ ቦዩን ጥርቅም! ደሙ ቀጥ አለ። ይቅርታ ጠይቄ ሌላ ቺፕ፣ ሌላ ጣት። አረፋ! ሦስተኛ። አሁንም አረፋ! አምስተኛው ላይ ይቅርታ መጠየቁንም ተውኩት።

ስምንተኛው ላይ ማማ እጃቸውን ዘርግተው ቆጠሩ።

«ልጄ፣ ሁለት ጣት ቀረ። ከዚያ እግር አለ» አሉኝ።

እየቀለዱ አልነበረም! ያ ነው ያስለቀሰኝ። ጓንቴን እንዳደረግኩ አለቀስኩላችሁ።

ፊቴን ላዞር ስል፣ ቅድም ከፍሪጅ የቀዳሁት የመጠጥ ውሃዬ ጠረጴዛው ላይ ሞቆ ብርጭቆው ዙሪያውን አረፋ ይዞ አየሁት።

ወይኔ ጉዴ!

መመሪያው «ከፍሪጅ አውጥተው ወዲያው ይጠቀሙ» ይላል። የጻፈው ሰው ጋምቤላን በመጋቢት አያውቃትም! ቀዝቃዛ ፈሳሽ በአንዴ ሲሞቅ አየር ይለቃል። ይህን እኔም አውቃለሁ። ፈተና ላይ ጽፌ ኤ ያገኘሁበት ነው እኮ!

የመጨረሻዎቹን ቺፖች አውጥቼ፣ ደም ሳይነካቸው ቀስ ብለው ሞቀው አየራቸው እንዲወጣ ግማሽ ሰዓት አቆየኋቸው። ማማም አብረውኝ ጠበቁ። ዘጠነኛው ጣት ላይ ደሙ ሄደ! ውጤቱ ትንሽ ከፍ ስላለ ሐኪሙ ለነገ ጠዋት ቀጠራቸው። እሺ አሉ።

ማማ ሲወጡ ግን አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች ጣታቸውን አዩ። ዘጠኝ ጥጥ! አምስቱም ቦርሳቸውን አንስተው ብድግ አሉ። ሁለት ዓመቴን በልቤ ተሰናበትኩት።

እርስ በርስ ኑዌርኛ ነው የሚያወሩት። ማማ ግን እኔም እንድሰማ በአማርኛ ተናገሩ።

«ግቡ፣ አትፍሩ። እኔ ላይ ተምራለች።»

አምስቱም ገቡ። በአንድ በአንድ ጣት ጨረስኩ።

እስቲ ፍረዱኝ፦ የማማን ዘጠኝ ጣት የቺፗ ሙከራ ሪፖርቴ ውስጥ የት ላስገባው? «ምስጋና» ላይ ወይስ «የተጠቀምኩባቸው ቁሳቁሶች» ላይ?