ሳይክል በምን ላይ ይሰቀላል?

ሰው ሳይክል ሲገዛ ስለ ጎማው ይጠይቃል፣ ፍሬኑን ይሞክራል፣ ደወሉን ደጋግሞ ያቃጭላል። ሲበላሽ በምን ላይ ሰቅዬ እጠግነዋለሁ ብሎ የሚጠይቅ ግን አይቼ አላውቅም። ለምን ይጠይቃል? ሚስት አለችው። የሚስት ጠረጴዛ አለ፣ የሚስት አልጋ አለ፣ የሚስት የልብስ ገመድ አለ።

ባሌን ጌታሁንን ነው የማማው። ሐሜት እንዳትሉኝ፣ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል። ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ከጎፋ እስከ ፋብሪካው የሚመላለሰው በሳይክል ነው። የገዛው ከአንድ ጡረተኛ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ጡረታ የወጣው ሳይክሉ ነበር። ዛሬ ካቴናው ይወልቃል፣ ነገ ቸርኬው ይጣመማል። ለሠሪ ስጠው ስለው፣ የራሴን ሳይክል ሌላ ሰው ሲፈታው ቆሜ ማየት አልችልም ይለኛል። አያችሁልኝ? እኔ ምጥ ይዞኝ ስጮህ ውጭ ቆሞ ጋዜጣ ያነበበ ሰው!

መጀመሪያ ገልብጦ በኮርቻው አቆመው። ደወሉ ተሰበረ፣ እሱም ሲያጎነብስ ውሎ ወገቤን አለ። ቀጥሎ ጠረጴዛዬ ላይ ወጣ፤ ሳይክሉን ማለቴ ነው። ሽሮው የግራሶ ሽታ አመጣ። ከዚያ ከአልጋው ራስጌ ጋር አሰረው፤ ብርድ ልብሴ ላይ የካቴናው ጥርስ አንድ በአንድ ታትሞ ቀረ። በመጨረሻ የልብስ ገመዴ ላይ አንጠለጠለው። ገመዱ ተበጠሰና ሳይክሉ፣ ጌታሁንና ያጠብኩት አንሶላ ተጠቅልለው ጭቃ ውስጥ ገቡ። ማንን ቀድሜ እንዳነሳሁ መገመት አያቅታችሁም። አንሶላው ነጭ ነበር።

ያን ቀን ቆረጥኩ። ባለሱቁ ሸምሱ ሳይክሉን ከወደደው ቆይቷል። እሑድ ከሰዓት መጥተህ ውሰደው አልኩት። ለጌታሁንም ነገርኩት፤ እስከዚያ ከቤቴ ዕቃ ውጭ የሆነ ማንጠልጠያ ካገኘህ ሳይክሉ ያንተ ነው፣ ካላገኘህ የሸምሱ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። ራቱን ሳይበላ ተኛ። እኔ አኩርፌ እናቴ ቤት በሄድኩ ጊዜ እንኳ ራቱ አላለፈውም።

ከዚያማ ማንጠልጠያ ምርጫ ውስጥ ገባላችሁ። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ያለ አንድ ሳይክል ሠሪ ዘንድ የብረት ማንጠልጠያ አይቶ መጣ። ቁመቱ እንዴት እንደሆነ፣ ሳይክሉን እንዴት ከላይ ጨብጦ እንደሚይዘው፣ ጎማው በአየር ላይ እንዴት እንደሚሽከረከር ሲያወራ አመሸ። እኔን ሊያጭ የመጣ ሰሞን ስለ እኔ እንዲህ አውርቶ ይሆን? ጥሩ ማንጠልጠያ፣ አለኝ፣ ዕቃውን ዓይንህ ፊት ያመጣዋል፣ ቁልፍ ስታጠብቅ አይወዛወዝም፣ ስትጨርስ ተነቃቅሎ ጥግ ይቀመጣል። ዋጋው ውድ ስለሆነበት ሊያሠራ ወደ ብረት በያጅ ሄደ። በያጁ ብረት ከየት ይመጣል ብሎ ሳቀበት። የጎረቤት ዛፍ አማረው፤ ዛፉ በነፋስ ይወዛወዛል። የበሩን መቃን ለካው፤ እኛ በየት ልንገባ?

እሑድ ጠዋት ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ተባለና እኔ ወደ ሰልፉ ሮጥኩ። ጌታሁን ብቻውን ቀረ። ብቻውን የቀረ ወንድ ደግሞ ያስባል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ባሌ የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ነው። ቁልፉ እሱ ኪስ ነው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ምን አለ? ድስት አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ የድንኳን ቋሚና ማገር አለ። ቋሚው ረጅም ነው፣ አይወዛወዝም፣ ተነቃቅሎ ጥግ ይቀመጣል። ጌታሁን ሦስቱንም መስፈርት አሟላ ብሎ ተደሰተ። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ አውጥቶ መንገድ ዳር፣ ደጃፋችን ላይ ተከለው። ሳይክሉን ከማገሩ ላይ በገመድ ሰቀለና ሥራውን ጀመረ።

እስቲ ንገሩኝ፣ በዚህ አገር በአንድ ሰው ደጃፍ የእድር ድንኳን እንጨት ሲተከል ምን ማለት ነው?

መጀመሪያ ያየችው ዘነበች ናት። ዘነበች የአጥር ጎረቤቴ ናት፤ በቦኖ ውኃ ወረፋ ተጣልተን ሰላምታ ካቆምን ከርመናል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየጮኸች መጣች። ማን ነው? ማን ነው? ብላ ጌታሁንን ጠየቀችው። ጌታሁን የፈታቸውን ብሎኖች እንዳይጠፉ አፉ ውስጥ ይዟቸዋል። መናገር ስላልቻለ ራሱን ነቀነቀ። ግንባሩ በላብ፣ ጉንጩ በግራሶ ጠቁሯል። ዘነበች ዙሪያዋን አየች፤ እኔ የለሁም። በቃ፣ ሞትኩ።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አግዳሚው ከዕቃ ቤት ተግዞ ተደረደረ። የቀበሌ ጥበቃው ይህ ስብሰባ በማን ፈቃድ ነው ሊል መጥቶ፣ እንጨቱን ሲያይ ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ፣ እኔ ሳልነፋ እንዴት ተሞተ ብሎ አኮረፈ። ጌታሁን ሊያስረዳ ብሎኖቹን ወደ መዳፉ መትፋት ሲጀምር፣ ተው አታልቅስ፣ ወንድ ልጅ ነህ እያሉ ደረታቸው ላይ ይለጥፉታል።

እኔ ስኳሬን ታቅፌ ከመታጠፊያው ብቅ አልኩ። ደጃፌ ላይ እንጨት ተተክሏል፣ ሴት ይጮኻል። "ጌታሁኔን! ጌታሁኔን!" እያልኩ ሮጥኩ። ስኳሩን አልጣልኩም፤ ሐዘን ሐዘን ነው፣ ሰልፍ ደግሞ ሰልፍ ነው። ፊት ለፊቴ ያገኘኋት ሴት አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። እሷም ተጠመጠመችብኝ።

"እህቴን!" ትላለች ሴትዮዋ፣ "ያቺ አፏ ምላጭ ልቧ ቅቤ! ይቅር ሳልላት!"

"ኧረ ጌታሁኔን!" እላለሁ እኔ።

"ጠንከር በይ እህቴ። እሱ ደህና ነው፣ እሷ ናት የሞተችው።"

"እሷ ማን?"

"ተዋበች ናታ!"

ተዋበች እኔ ነኝ። ቀና ስል ዘነበች፤ ቀና ስትል እኔ። እንዲያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም፣ ዕድሜዋም አይፈቅድላትም ነበር። ኋላ ግን ተመልሳ መጣችና እጄን ቆንጥጣ አረጋገጠች። በደንብ ነው የቆነጠጠችኝ። ከዚያ አቅፋኝ እንደገና አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፤ ቦኖውን ያነሳ የለም።

መጨረሻው ሳቅ ሆነ ብላችኋል? ቆዩ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ አልሳቁም። የእድር ንብረት ለግል ጥቅም! አንዱ ይባረር አለ፣ ሌላው እንጨቱ አሁኑኑ ተነቅሎ ይግባ አለ። በዚህ መሃል ሸምሱ መጣ፤ መንገድ ላይ ሞቴን ሰምቷል። ሰዉን አይቶ ተቀመጠና መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ አደረገልኝ። አጠገቡ መሆኔን ሲያይ ደነገጠ፤ ወዲያው ግን፣ እና ሳይክሉስ? አለ። ጌታሁን አየኝ። ብሎኖቹን ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ውስጥ ጨብጧቸዋል። እንጨቱ ከተነቀለ ማንጠልጠያ አላገኘም ማለት ነው። ቃሌ ቃል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ቃሌን ጠላሁት፤ ሞቼ ሳለሁ በሰው ፊት ያን ያህል ተመስግኜ፣ በሕይወት ስመለስ ሰው ላስከፋ?

"ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ ይፍረዱ" አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ተነሱ። ወደ ሳይክሉ ሄዱና ጎማውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ድምፅ ሳያሰማ ዞረ። ዞረ፣ ዞረ፣ አሁንም ዞረ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። ጋሽ ወልዴ ብሎኑን ነካ ነካ አድርገው፣ ይቺ ትንሽ ትጥበቅ አሉ። ያኔ ጌታሁን እንዳሸነፈ ገባኝ።

ፍርዱ እንዲህ ነበር። እንጨቱ ሰው ካልሞተ ሥራ ፈት ነው፤ ጌታሁን ይጠቀምበት። ግን ሰፈሩ እንባውን በከንቱ እንዳያፈስ፣ እንጨቱ ለሳይክል በተተከለ ቁጥር ሚስቱ ከመንገድ በምትታይበት ቦታ፣ አጠገቡ በዱካ ትቀመጥ። ሰዉ አጨበጨበ። ሸምሱ፣ አንቺ መኖርሽ ይሻላል አለኝ፤ ዓይኑ ግን ሳይክሉ ላይ ነበር። ስኳሬ ለቀስተኛው ሻይ ውስጥ ገብቶ እዚያው አለቀ።

ስለዚህ ማንጠልጠያ ለመምረጥ የሚያማክረኝ ሰው ካለ የምመልሰው አንድ ነው፤ የብረቱን ይግዛ፣ ውድ ቢሆንም። የእንጨቱ ጠንካራ ነው፣ አይወዛወዝም፣ ተነቃቅሎ ይቀመጣል፤ ግን ሁልጊዜ አጠገቡ አንዲት በሕይወት ያለች ሚስት ይፈልጋል። ይኸው ዛሬም እሑድ ነው፣ ይኸው ዱካዬ ላይ ነኝ። አንቺ፣ ትንሽ ወደ መንገዱ ጠጋ በይ፣ ሰው አያይሽም ይለኛል ጌታሁን።