ገሣጺተ ጉልበት በወንበሩ ላይ የዘመተችው ዘመቻ

ወኮነ በዘመነ ተሽከርካሪ ወንበር፤ ገሣጺተ ጉልበት፣ አጽናዒተ ወገብ፣ የእናቷ ኩራት የሆነችው ፊዚዮቴራፒስት ባሕር ከተሻገረች በኋላ፣ ዲግሪዋን ያየ ሹም ሁሉ «ይህን ማኅተም አናውቀውም» ስላላት በሆስፒታል የሰው ወንበር መግፋት በጀመረች በሦስተኛው ዓመት፣ የፈተናዋ ቀን ደረሰ። ሕጉም ይህ ነበር፤ አንድ ታማሚ አስነሥታ እስከ በሩ ብታራምድ በሙያዋ ትሾማለች፤ ካልሆነላት ወደ ገፊነቷ ትመለሳለች። ለዚህም ዳሌያቸው ተሰብሮ ከገጠመ የሰነበተ፣ ልባቸው ግን ያልገጠመ ጡረተኛ ርእሰ መምህርት ተመደቡላት፤ እኒህም ዕድሜያቸውን ሲያዙ እንጂ ሲታዘዙ ያልኖሩ፣ «ተነሡ» ሲባሉ የሚደላደሉ፣ «ይብሉ» ሲባሉ የሚጾሙ፣ «ይተኙ» ቢሏቸው መብራት የሚያበሩ ነበሩ።

ወእምዝ ርእሰ መምህርቷ በተቀመጡበት ወንበር ላይ ዘመተች። ጥርሱን ማንም አይቶት የማያውቅ ፈታኝ ፋይሉን ታቅፎ፣ ነርሷ የመድኃኒት ጋሪዋን እየገፋች፣ ጽዳት ሠራተኛው መወልወያውን እንደ ጦር አቁሞ፣ እጁ በጀሶ የታሰረው የጎረቤት ክፍል ወሬኛም ማንም ሳይጠራው ተከተሏት።

ርእሰ መምህርቷም ሠራዊቱን ባዩ ጊዜ፦ «ያልሰማህ ስማ። ከዚህ ወንበር የሚያስነሣኝ አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ እኔ ክፍል ወድቋል» ሲሉ ዐወጁ፤ ሁሉንም ሊያባርሩ ግድግዳ ላይ ወደተደገፈው ከዘራ እጃቸውን ሰድደው ጥቂት ብድግ አሉ። ያን ጊዜ፣ ድል አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ ገሣጺተ ጉልበትን አስተዳደጓ ጉድ ሠራት፤ ትልቅ ሰው ብድግ ሲል ዝም ማለት በእናቷ ቤት ያስቆነጥጥ ነበርና፣ ልቧ ሳይፈቅድ አንደበቷ «ኧረ በሞቴ፣ አይነሡ፣ ይቀመጡ» ብሎ ዐወጀ። ፈታኙ ብዕሩን መዘዘ፤ ነርሷ ዓይኗን ጨፈነች፤ የሦስት ዓመት ልፋት በአንዲት ይሉኝታ ውኃ ሊበላው ሆነ።

ርእሰ መምህርቷ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ፤ በከዘራው ወለሉን መትተውም «እኔን ተቀመጪ የምትዪ ደግሞ አንቺ ማን ነሽ» ሲሉ ዐወጁ። ጀግናይቱም ነገሩ ገባት፤ እጇን ከጀርባቸው ሳታርቅ «እዚሁ ይብቃዎ» አለች፣ ተራመዱ፤ «በሩማ ሩቅ ነው፣ ይቅርብዎ» አለች፣ በሩን ጨበጡት፤ «ኮሪደሩን እንኳ አያስቡት» አለች፣ ፈታኙን ገፍተው አለፉ።

ፈታኙም «ዘዴዋ በመጽሐፍ የለም፤ ሆኖም ሾሜያታለሁ» ብሎ ዐወጀ። ማኅተሟን ያላወቀ አገር እጇን ዐወቀ። ርእሰ መምህርቷ ግን ደክሟቸው እንኳ አልቀመጥም ብለው ሠራዊቱን አስጨነቁ፤ እርሷም ወንበሩን አስጠግታ «እንግዲህ ቆመው ይዋሉ» አለቻቸው፤ ተቀመጡ።

ክብር ለገሣጺተ ጉልበት፣ ተቀመጡ ብላ ላስነሣች፣ ቁሙ ብላ ላስቀመጠች፤ ክብር ለእናቷም ቁንጥጫ፣ ባሕር ተሻግሮ ለሠራ።