ጭቃ የተቀባው ቀበርቾ

የደብረ ታቦር ወንድ እሾህ ለይቶ አያውቅም። ተቆጣኝ፣ ግድ የለም... ግን እስኪ ይህን የምታነበው አንተ ራስህ፣ ኮሸሽላና ቀበርቾ ጎን ለጎን ቢበቅሉ የቱ የትኛው እንደሆነ ትለያለህ? አትለይም። እኔም አልለይም። የኔ ጥፋት አማቴ ፊት “እለያለሁ” ብዬ መፎከሬ ነው።

ባለቤቴ መሠረት ወንድ ልጅ ተገላገለች። እናቷ እማማ የሺም አራሷን ሊንከባከቡ ከእብናት መጡ። ገና ጓዛቸውን ሳያስቀምጡ “ቤቱ ቀበርቾ ይታጠንበት እንጂ” አሉ። የቀበርቾ ሥር ፍም ላይ ሲጨስ አራስና ጨቅላን ከክፉ ነገር ይጠብቃል ይባላል።

“ከገበያ ገዝተህ ና” አለችኝ መሠረት።

“የምን ገበያ? ከዱር ነቅዬ አመጣለሁ!”

እማማ የሺ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አምና ማሳቸው ዳር ቆሜ ገብሱን “ስንዴው አምሮበታል” ካልኩ ወዲህ በሳቸው ዘንድ ስሜ “የቢሮው” ነው።

“አንተ? ቀበርቾ ለይተህ?” አሉ። “እንግዲያው ለይተህ ነቅለህ ካመጣህ የልጁን ስም አንተ አውጣ። ካላመጣህ እኔ አወጣለሁ።”

ለልጄ ናሆም የሚል ስም ካሰብኩለት ስንት ወር አለፈኝ! እሳቸው ደግሞ የሟች ባላቸውን ስም፣ ቢተውን፣ ሊያወጡለት እንደቋመጡ አውቃለሁ። ቢተው ጥሩ ስም ነው፣ ክፉ ቃል አልወጣኝም። ግን ናሆም...

በማግስቱ ጠዋት መቆፈሪያ ይዤ በባጃጅ ጋፋት ወረድኩ። የእግር መንገዱ ግራና ቀኙ እሾህ ነው። አንዱ ራሱ ክብ ነው፣ አንዱ አበባው ቀላ ይላል፣ አንዱ ከኔ ይረዝማል፤ አወጋጋቸው ግን አንድ ነው። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አንስቼ ጠየቅሁት። “ሱፍ ነው” አለኝ። ሌላውን አነሳሁለት። እሱም ሱፍ ነው። ስልኬም እንደኔ የቢሮ ሰው መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

በግምት ሦስቱን ቆፍሬ፣ እጄ ደም በደም ሆኖ ሳለ፣ ጥማድ በሬ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆሙ።

“ምን ጠፍቶህ ነው ልጄ?”

“ቀበርቾ እየነቀልኩ ነው፣ አባባ።”

“እስኪ ሥሩን ቁረጥና አሽትተው።”

ቆርጬ አሸተትኩ።

“ምን ምን ይላል?”

“አፈር አፈር።”

“ቀበርቾ ቢሆን ገና ሳታስጠጋው ይሸትህ ነበር። ይኸ ኮሸሽላ ነው። ያም ኮሸሽላ ነው። ሦስተኛውን አህያ ነው የሚበላው” አሉና ትንሽ አሰቡ። “ቢሮ ነው የምትሠራ?”

“ቀበርቾው የታለ ታዲያ?”

“ከዚህስ ለገበያ እየነቀሉ ጨረሱት። ያንን ጋራ ብትወጣ ታገኝ ይሆናል።”

ጋራውን አየሁት። በጣም ረጅም ነው። ወደ ባጃጁ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለማንም እንዳትነግር። ገበያ ገብቼ ደህና የደረቀ ቀበርቾ ገዛሁ። ከቤታችን ጀርባ ተደብቄ፣ ለሙሽራ ቅቤ እንደሚቀባ ሰው ተጠንቅቄ ጭቃ ቀባሁት። የተወጋ እጅ አለኝ፣ ያላበው ግንባር አለኝ፣ ምን ቀረኝ? እያለከለክሁ ገባሁ።

እማማ የሺ ሥሩን ተቀበሉኝ። አሸተቱት።

“ቀበርቾ ነው” አሉ።

ናሆም፣ ናሆም አለ ልቤ።

“ዛሬ ነው የነቀልከው?”

“ዛሬ ጠዋት፣ እማማ። ጋፋት።”

በሁለት እጃቸው ያዙና ቀጭ አድርገው ሰበሩት። ድምፁ ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም።

“ዛሬ የተነቀለ ሥር እንደ ጭራሮ ይሰበራል?”

መሠረት ጋቢዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ጋቢው ይንቀጠቀጣል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስድብ ስጠብቅ ሴትዮዋ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

“አይዞህ” አሉኝ። “መሠረትን ስወልድ ቢተውም እንዲሁ ከገበያ ገዝቶ ጭቃ ቀብቶ ነው ያመጣልኝ።”

“እሳቸውንም ያዟቸው?”

“የት አግኝቼ! እሱ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎት ነበር። ካረጀን በኋላ ነው ራሱ የነገረኝ።”

ቀበርቾው ጨሰ፣ ሁላችንም አስነጠሰን፣ ልጄም ቢተው ተባለ። ከአባቱ የተሻሉ ውሸታም የነበሩ የአያቱ ስም ስለሆነ ቅር አላለኝም። ናሆም የሚለውን ስም ለሁለተኛው ልጅ አስቀምጬዋለሁ፤ ለዚያ ቀን የሚሆን አንድ ባልዲም ከወዲሁ ገዝቻለሁ።