የጋሽ ወልደ ሥላሴ ሻርክ

(ዩለስ፣ ቴክሳስ፣ የክፍሉ አፓርትመንት፣ ቅዳሜ ጠዋት። ክፍሉ ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን በእጅ ምልክት እየመራ የሚያቆም ሠራተኛ ነው። ጓደኛው ሌሊሳ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ካለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ትናንት ጋልቬስተን ባሕር ዳርቻ ውለው ነው የመጡት። የሁለቱም አፍንጫ በፀሐይ ተላጧል። ጠረጴዛው ላይ የሌሊሳ ስልክ አለ።)

ሌሊሳ፦ እኔ አምና የጋሽ ወልደ ሥላሴን ማረፍ የሰማሁት ማክሰኞ ነው። ጎማ ቤት ነበርኩ።

ክፍሉ፦ ረቡዕ ነው! መርዶውን የነገርኩህ እኔ፣ ከእኔ በላይ ልታውቅ ነው?

ሌሊሳ፦ አንተ መርዶ አልነገርከኝም። ኮል አድርገህ «ቁጭ በል» አልከኝ። ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ የት ጎማ ቤት እንደሆንኩ ጠየቅከኝና ሩብ ሰዓት ስለ ጎማ አስተማርከኝ።

ክፍሉ፦ ማለቴ... መርዶ እኮ በቀስታ ነው የሚነገረው።

ሌሊሳ፦ ልትዘጋው ስትል ነው «በነገራችን ላይ ጋሽ ወልደ ሥላሴ አርፈዋል» ያልከኝ። በነገራችን ላይ!

ክፍሉ፦ ደንግጬ ነዋ! አሁን ነገ ሙት ዓመታቸው ነው፣ አንተ ስለ ቀኑ ትከራከረኛለህ። የትናንቶቹን ፎቶዎች አምጣ።

ሌሊሳ፦ ሚስታቸው እትዬ አባይነሽ ማታ ደውለው ነበር። «አገኛችሁት?» አሉኝ።

ክፍሉ፦ ምን አልካቸው?

ሌሊሳ፦ «ክፍሉ ይነግርዎታል» አልኩ።

ክፍሉ፦ ለምን እኔ?

ሌሊሳ፦ በዕድሩ ስብሰባ ባላቸው ላይ የሳቀው ማነው? ሰውዬው ተነስተው «ጋልቬስተን፣ ባሕሩ ውስጥ የገባው የእንጨት ድልድይ ላይ ቆሜ፣ ራሱ እንደ መዶሻ የሆነ ሻርክ አየሁ» አሉ። አንተስ ምን አልክ?

ክፍሉ፦ «ጋሽዬ፣ ቴክሳስ ከብት እንጂ ሻርክ የላትም፤ መነጽርዎን ይለውጡ።» ቀልድ ነው!

ሌሊሳ፦ መቶ ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ «ጋሽ መዶሻ» ነው የተባሉት። እትዬ አባይነሽ የፈለጉት አንድ ነገር ነው። ነገ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ባልዎ አልዋሹም» እንዲባሉ።

ክፍሉ፦ ኦኬ! እኔም እኮ ቃል ገብቻለሁ። ሻርኩ ካለ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ «ተሳስቻለሁ» እላለሁ። ከሌለ ግን የለም። ክፈተው።

(ሌሊሳ ስልኩን ይከፍታል። ክፍሉ በጣቱ እየገፋ ያያል።)

ክፍሉ፦ ይሄ ማነው?

ሌሊሳ፦ አንተ ነህ።

ክፍሉ፦ ይሄስ?

ሌሊሳ፦ አንተ።

ክፍሉ፦ ይሄኛው?

ሌሊሳ፦ እሱም አንተ ነህ፣ የካውቦይ ባርኔጣህን አስተካክለህ።

ክፍሉ፦ ባሕሩስ?

ሌሊሳ፦ ከኋላህ ነው።

ክፍሉ፦ ሌሊሳ! አምስት ሰዓት ነድቼ ወስጄህ፣ የባሕር አውሬ አንሳ ብዬ ወንበር ላይ አቁሜህ፣ ሠላሳ አንድ ፎቶ የእኔን?

ሌሊሳ፦ አንተ ነህ «ከዚህ ወንበር እንዳትወርድ፣ ከፍ ካለ ቦታ ነው የሚታየው» ያልከኝ። ከዚያ ሄደህ ፊቴ ተገተርክ።

ክፍሉ፦ ቆይ! ይቺ ምንድናት? ክንፍ! ክንፍ አየሁ!

ሌሊሳ፦ ጃንጥላ ነው።

ክፍሉ፦ ይሄ ግራጫውስ? ትልቁ?

ሌሊሳ፦ የሰው ሆድ ነው። ሰውዬው በጀርባው ይዋኛል።

ክፍሉ፦ እና ምን ትሠራ ነበር አንተ? ለምን አልጠራኸኝም?

ሌሊሳ፦ ጮህኩ እኮ! ጉሮሮዬ እስኪዘጋ «ሻርክ!» ብዬ ጮህኩ። ጆሮህ ላይ የሰካኸውን ነገር አላወለቅክም።

ክፍሉ፦ ትምህርት እያዳመጥኩ ነበራ! «ሻርክን እንዴት እንለያለን» የሚል ቪዲዮ፣ አርባ ደቂቃ። ራሰ መዶሻ ሻርክ በዚያ ሰፊ ጭንቅላቱ ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ? አሸዋ ሥር የተደበቀ ዓሣ ይፈልግበታል።

ሌሊሳ፦ እሱ ዓሣ ሲፈልግ እኔ አንተን በእጄ መጥራት ጀመርኩ። ወደ ግራ ዞር በልልኝ ብዬ አወዛወዝኩ።

ክፍሉ፦ አይቼሃለሁ። ወደ ግራ ሄድኩ አይደል?

ሌሊሳ፦ ሻርኩም ወደ ግራ ሄደ።

ክፍሉ፦ ከዚያ ወደ ቀኝ ጠራኸኝ፣ መጣሁ።

ሌሊሳ፦ እሱም ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ «ኧረ ተወኝ፣ ከዚያ ጥፋ!» ብዬ ሁለቱን እጆቼን ከጭንቅላቴ በላይ አጣመርኩልህ።

ክፍሉ፦ እኮ! ሁለት እጅ ከጭንቅላት በላይ ሲጣመር «ቁም» ማለት ነው! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስንት አውሮፕላን ያቆምኩበት ምልክት ነው። ቆምኩ!

ሌሊሳ፦ ልክ ፊቱ ላይ።

ክፍሉ፦ (ብድግ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ያሳያል) እንደ አውሮፕላን ቢጫው መስመር ላይ፣ ጎማዬን ሳላሳልፍ! አንድ ኢንች ተነቃነቅኩ?

ሌሊሳ፦ አልተነቃነቅክም። ተስፋ ስቆርጥ አንገቴ ላይ በእጄ እንዲህ አደረግኩ። «ያርድሃል» ለማለት።

ክፍሉ፦ እሱ «ሞተር አጥፋ» ነው።

ሌሊሳ፦ ምኑን ነው ያጠፋኸው ታዲያ?

ክፍሉ፦ (ቀስ ብሎ ይቀመጣል) ስልኬን።

ሌሊሳ፦ ከሁለታችን ጥሩ ካሜራ ያለው የአንተ ነበር።

ክፍሉ፦ እሺ፣ ስልኩ ከጠፋ በኋላ ሰማሁህ አይደል? ያኔ ለምን አልነገርከኝም?

ሌሊሳ፦ ነገርኩህ። ያኔ ሄዷል። «ያየኸው ዶልፊን ነው» አልከኝ። ስንመለስ ከሂዩስተን እስከ ኮርሲካና፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ዶልፊን አስተማርከኝ። መሃል ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ ገና ማጥባቱ ላይ ነበርክ።

ክፍሉ፦ ዶልፊን ያጠባል እኮ።

ሌሊሳ፦ ያጥባ። ሃያ ሦስተኛውን ፎቶ ዙም አድርገው።

ክፍሉ፦ እኔ ነኝ። እዚህ ጋ ደህና ወጥቻለሁ።

ሌሊሳ፦ ጆሮህ ጋ ያለውን እይ።

ክፍሉ፦ የባርኔጣዬ ክፈፍ ነው።

ሌሊሳ፦ ክፈፉ ከላይ ነው። ከሥሩ፣ ውሃው ውስጥ ያለውን።

ክፍሉ፦ ጥላዬ ነዋ።

ሌሊሳ፦ ጥላ ዓይን አለው? አንዱ በቀኝ ጆሮህ በኩል፣ አንዱ በግራ። መሃሉን አንተ ሸፍነኸዋል። ከክርንህ ሥር ደግሞ ጅራቱ ወጥቷል።

(ክፍሉ ስልኩን ያርቃል፣ ያቀርባል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ መልሶ ያደርጋል።)

ክፍሉ፦ ሌሊሳ።

ሌሊሳ፦ አቤት።

ክፍሉ፦ ከኋላዬ ነበር።

ሌሊሳ፦ ነበር።

ክፍሉ፦ ሰውዬው አልዋሹም።

ሌሊሳ፦ አልዋሹም።

ክፍሉ፦ (ይነሳል፣ ይቀመጣል) በል፣ የዕድሩ ግሩፕ ላይ ፖስት አድርገው። ነገ ከመድረሱ በፊት ሁሉም ይየው።

(ሌሊሳ ይልካል። ወዲያው ስልኩ ይንጫጫል።)

ክፍሉ፦ ምን አሉ?

ሌሊሳ፦ ከበቡሽ «ክፍልዬ፣ ባርኔጣው ሲያምርብህ!»

ክፍሉ፦ ሌላስ?

ሌሊሳ፦ ሞገስ «ሁለት ባርኔጣ ነው የደረበው?» ይላል። ሀሩን የት እንደገዛኸው ይጠይቃል።

ክፍሉ፦ ሻርኩን ያየ የለም?

ሌሊሳ፦ ጥዑመልሳን «ውሃው ቆሽሿል» ብሏል።

ክፍሉ፦ ወዲህ በለው! (ስልኩን ነጥቆ፣ ጮክ ብሎ እያነበበ ይጽፋል) «የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ ጆሮዬ ጋ ያለው ባርኔጣ አይደለም። ራሰ መዶሻ ሻርክ ነው። ጋሽ ወልደ ሥላሴ እውነታቸውን ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ክፍሉ።» ሄደ።

(ሁለቱም ስልኩ ላይ ያጎነብሳሉ። ከዚያ ስልኩ ማቆሚያ ያጣል።)

ሌሊሳ፦ አንብበው እንጂ።

ክፍሉ፦ «ኪኪኪኪ። ክፍሉ፣ አንተንም ጀመረህ?»

ሌሊሳ፦ ቀጥል።

ክፍሉ፦ ሞገስ «ፀሐይ መትቶት ነው፣ ውሃ ስጡት።» ከበቡሽ «ልጄን አሳየኋት፣ በኮምፒውተር የተሠራ ነው አለችኝ።» (ድምፁ ይወርዳል) ሀሩን... «ጋሽ መዶሻ ቁጥር ሁለት» ብሏል። ሠላሳ ሰው ላይክ አድርጎታል።

ሌሊሳ፦ አርባ ሆነ።

ክፍሉ፦ በዓይኔ በብረቱ አይቼ!

ሌሊሳ፦ አንተማ አላየህም። ጀርባህን ሰጥተኸው ነበር።

ክፍሉ፦ እሺ አንተ አይተሃል! መስክርልኝ! ጻፍላቸው!

(ሌሊሳ በአንድ ጣቱ ቀስ እያለ ይጽፋል፣ ይልካል፣ ይጠብቃል።)

ክፍሉ፦ ምን አሉህ?

ሌሊሳ፦ «ምስኪን፣ አምስት ሰዓት መኪና ውስጥ ሲሰብከው አምኖት ነው።»

ክፍሉ፦ ሰው ግን እንዴት እውነት ሲነገረው ይስቃል? ትንሽ አያፍርም? መጀመሪያ ጠጋ ብሎ አያይም?

(ሌሊሳ ቀና ብሎ ያየዋል። ክፍሉም የተናገረውን ሰምቶ ፊቱን ያዞራል። ስልኩ አንዴ ብቻ ይጮሃል።)

ሌሊሳ፦ እትዬ አባይነሽ ናቸው። ለአንተ ነው የጻፉት።

ክፍሉ፦ አንተ አንብብልኝ።

ሌሊሳ፦ «ልጄ ክፍሉ፣ እኔ አይቼዋለሁ። ጅራቱን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ነገ ግን በአፍህ ንገርልኝ። ይስቁብሃል። እሳቸውም ለምደውት ነበር።»

ክፍሉ፦ ለምደውት ነበር እንዴ?

ሌሊሳ፦ አልለመዱትም። የመጨረሻዎቹን ወራት ስብሰባ መምጣት ትተው ነበር።

ክፍሉ፦ እኔ እኮ አሟቸው መስሎኝ ነበር።

ሌሊሳ፦ ኋላ ነው የታመሙት።

(ክፍሉ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ይደፋዋል።)

ክፍሉ፦ ነገ እነሳለሁ። ይሳቁ። እስኪጨርሱ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እደግመዋለሁ።

ሌሊሳ፦ እሺ።

ክፍሉ፦ እትዬ አባይነሽም ይሰማሉ።

ሌሊሳ፦ ይሰማሉ።

ክፍሉ፦ ጋሽ ወልደ ሥላሴን ግን በሕይወት ሳሉ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም።