የዳማው ግምገማ

መምህርነት ብዙ አይመሰገንም እንጂ ክረምት የሚባል ጸጋ አለው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ እተኛለሁ። ማንም ሰነፍ አይለኝም፤ ዕረፍት ነዋ። ታዲያ ይሄ እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ቆየ። ምክንያቱ ፈረስ ነው ብልህ ትስቅብኛለህ? ሳቅ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ ባለው ሠፈራችን ስድስት ቤቶች ሆነን አንድ የጭነት ባዝራ በጋራ ነበረችን። እሷ ስትሞት ልጇ ዳማው ቀረልን። ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። ያሳደጉት ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ የፈረስ ጀርባ ግን በመዳፋቸው ዳብሰው ምን ያህል እንደሚችል ይነግሩሃል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከሰው ይልቅ ከዳማው ጋር ያወራሉ እየተባሉ ይታማሉ።

ሰኔ ላይ መንገዱ ጭቃ ሆነና መኪና ቆመ። በቆሎው ደግሞ ወፍጮ ቤት መድረስ አለበት። ዳማው ክረምቱን ይጫን ወይስ ይረፍ? ጋሽ ወልዴ ይረፍ አሉ። አጥንቱ አልጠናም፣ ዝናብ የመታው ጀርባ ላይ ጭነት ሲውል ቆዳው ይላጣል፣ እስከ መስቀል ብትታገሡኝ ዕድሜ ልኩን ያገለግላችኋል አሉ።

ፈረስ ያሳደገ ሰው ይህን ካለ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። ግን ዘመኑ የግምገማ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ይገመገማል፣ መምህሩ ይገመገማል፤ ፈረሱስ ለምን ይቅር? አጀንዳ ተያዘ። የቀበሌ ሰው የሆነው ጎረቤታችን ተክሌ ሰብሳቢ ሆነ፤ እኔ በትምህርቴ ጸሐፊ ተባልኩ። ተገምጋሚው ደጅ ሣር ይግጣል። ተክሌ ዳማው ተነሳሽነት ይጎድለዋል አለ። አንዷ ጎረቤቴ ጭነት ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ማጠፉ የአመለካከት ችግር ነው ብላ አስመዘገበች። ይሄን ሁሉ በቃለ ጉባኤ ጻፍኩት እኮ!

ጋሽ ወልዴ ተክሌን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። ተማሪዎችሽን ክረምት ለምንድን ነው የምትለቂያቸው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ታዲያ ምን አደረግኩ? ብድግ አልኩና ሴቶች እህል በጀርባቸው ተሸክመው ጭቃ እያቦኩ ፈረስ ይረፍ ማለት የሴቶችን እኩልነት አለመቀበል ነው አልኩ። ተጨበጨበልኝ። እውነቱን ልንገርህ? ያሳሰበኝ የአንዲት ሴት ጀርባ ብቻ ነበር፤ የራሴ። አምስት እጅ ወጣ። ጋሽ ወልዴ ግለ ሂስ ያድርጉ ተባለ። ፈረስ በመውደዴ አጥፍቻለሁ አሉ። ሳቅንባቸው።

ሐምሌ ሳይጋመስ ዳማው ገጣባ ሆነ። ጋሽ ወልዴ ጠዋት ጠዋት ቁስሉን በጨው ውሃ ያጥባሉ፤ እኛ ከሰዓት እንጭነዋለን። ነሐሴ መግቢያ ላይ ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት ከነጭነቱ ተንሸራቶ ወደቀ። ወገቡ ተሰበረ። ጋሽ ወልዴ ዝናቡ ላይ ቁጭ ብለው እስኪሞት ድረስ አንገቱን ሲያሻሹ ዋሉ። ጭነቱ የማን ነበር? አትጠይቀኝ ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። የእኔ በቆሎ ነበር።

እንደገና ተሰበሰብን። ፈረሱ የሞተው በያዡ በጋሽ ወልዴ የክትትል ጉድለት ነው ተብሎ ተወሰነ። ጻፍኩ። ሁሉም ፈረመ። ጋሽ ወልዴ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ይረፍ ማለቴ አለበት?»

«አለበት» አልኳቸው። አንብቢልኝ አሉ። መዝገቡን ከፍ አድርጌ ያዝኩና ያልተጻፈውን አነበብኩላቸው፤ ጋሽ ወልዴ ፈረሱ ክረምቱን ይረፍ ብለው አሳስበው ነበር፣ ሰሚ ግን አጡ፣ እያልኩ። እኔ እንኳ እንዲህ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም። ተክሌ ጣራ ጣራውን ያያል። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አመሰገኑኝና ጣታቸውን በገዛ ጥፋታቸው ግርጌ አሳረፉ።

የቀረውን ክረምት ሴቶቹ በቆሏቸውን ወፍጮ ቤት ያደረሱት በጀርባቸው ነው። የእኔን ጋሽ ወልዴ ተሸከሙልኝ። የድሃን ቃል በትክክል የጻፈች መምህርት ክረምቱን ማረፍ አለባት አሉ።