ሙሴ ግርማይና የኮርቢዬር ወይን

ረግጦት የማያውቀውን አገር አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው በየከተማው አይጠፋም። ባሕር ሳያይ መርከብ ያናውጠዋል፤ ሐረርን ሳይረግጥ በሮቿን በስም ይጠራል። መንግሥት ይለወጣል፣ ዝናብ ይቀራል፣ እሱ ግን ያወራል፤ ጎረቤቱም ይሰማል። በመርሳ የዚህ ሹመት ባለቤት ክቡር ሙሴ ግርማይ ሲሆን፣ የመስማቱ ዕዳ የወደቀው ደግሞ በልብስ ሰፊው በአብዱልሐሊም ላይ ነበር።

ግርማይ አባቱ ከመቀሌ ጨው ይዞ መጥቶ የቀረ፣ ራሱ መርሳ ተወልዶ ያደገ ወጥ ሠሪ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከከተማው ወጣ ብሎ በተተከለው የርዳታ ድንኳን ለፈረንጆቹ አብስሏል። ድንኳኑ ሲነሳ ከአብዱልሐሊም ስፌት ቤት ጎን ሻይ ቤት ከፈተ። «ሙሴ» የሚለውን የፈረንጅ ማዕረግ የሰጠው ገበያው ነው፤ እሱም ሳያንገራግር ተቀበለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ፈረንሳይ ውስጥ ያለች የወይን አገር፣ ኮርቢዬር የምትባል፣ ወደ መርሳ መጥታ ሰፈረች።

አብዱልሐሊም መጠጥ ከንፈሩን ነክቶት አያውቅም። ሆኖም የኮርቢዬር ቀይ ወይን ከሦስት ዓይነት ዘለላ እንደሚደባለቅ ጠንቅቆ ያውቃል። «ካሪኛን አጥንቱ ነው፤ ግሬናሽ ሥጋው ነው፤ ሲራ ደግሞ በርበሬው» ይላል ግርማይ፣ የሻይ ብርጭቆ ወደ ፀሐይ አንስቶ እያሽከረከረ።

«አቦ ግርማይ፣ እኔ እስላም ነኝ እኮ።»

«ጠጣ አልኩህ? ስማ ነው ያልኩህ። የጠጣ ሰው መች ይሰማል።»

«በረመዳን እንኳ ብትምረኝ ምናለ?»

«ምሬህ አይደል ዛሬ ስለ ነፋሱ ብቻ የማወራህ።»

ከመርሳ ምድር የሙሴን ፈተና ያለፈ ነገር የለም። በፋንቱ ልጅ ሠርግ ጠላ ሲቀርብለት ብርጭቆውን ነቅነቅ አድርጎ አሸተተው። የሰው ጠላ ማሽተት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። ፋንቱ ፊቷ ጠቁሮ ከማንቆርቆሪያው መዳፏ ላይ አፍስሳ ጠጣችና «ይኸው፣ ቀመስኩልህ። ልጄን የምድረው ሰው ልገድል ነው?» አለችው። ግርማይ ግን «እኛ ኮርቢዬር ሳይሸተት አይጠጣም» ብሎ እንደ ጳጳስ ፈገግ አለ። አብዱልሐሊም ፋንቱን ሲለማመጣት አመሸ።

የመርሳን ብርቱካንም አልማረም። «ውኃ አጥግበው አበላሹት» አለ አንድ ቀን ሻይ ቤቱ ሞልቶ። «እኛ ኮርቢዬር ተክሉ ከድንጋይ ላይ ነው፤ ይጠማል። የሚጣፍጠው የተጠማ ነው።»

«እንግዲያው እኛ በሰባ ሰባት ማር ነበርን ማለት ነው» አለ አንድ ገበሬ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ግርማይ ብቻ አልሳቀም፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ ስለ ወይን መጭመቂያ ማውራት ጀመረ።

መዓቱ የመጣው በማዳበሪያ ነው። ከወልድያ ጓድ ካሳዬ የሚባሉ ካድሬ መጥተው ሕዝቡ ቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። የፋብሪካ ማዳበሪያ የማይወስድ ገበሬ የአብዮቱ እንቅፋት መሆኑን አስረድተው «ጥያቄ ያለው?» አሉ። በዚያ ዘመን «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ጥያቄ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ግርማይ ተነሳ።

«እኛ ኮርቢዬር የፋብሪካ ማዳበሪያ ማሳ አያስደርሱም፤ መርዝም አይረጩም። በግ ነው የሚለቀቀው።»

አብዱልሐሊም ዓይኑን ጨፈነ።

«እኛ?» አሉ ጓድ ካሳዬ ቀስ ብለው። «እናንተ እነማን ናችሁ?»

«እኛ» ማለት የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነው፤ አባቱ ከትግራይ ለመጣ ሰው ደግሞ እጥፍ ያስጠይቃል። አንድ ሰው የግርማይን ስም ለካድሬው ሹክ አለ። ካድሬው ስሙን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የውጭ አገር ነው የምትለው? መቼ ሄደህ አየኸው? ማን ላከህ? በማን ፈቃድ?»

መልሱ አንዲት ቃል ነበረች፦ «አልሄድኩም።» ግን አብዱልሐሊም ሰውየውን ያውቀዋል። ይህን ሁሉ ዓመት አየሁ ብሎ አያውቅም፤ አላየሁም ብሎም አያውቅም። አሁን በመላው መርሳ ፊት አላየሁም ከሚል ታስሮ ቢሄድ ይመርጣል። ውጭ የካድሬው ጂፕ ቆሟል፤ አፍንጫው ወደ ወልድያ ዞሯል። በዚያ ጂፕ ተጭኖ የሄደ ስንቱ እንደ ወጣ ቀርቷል። የግርማይ ደረት ተነፋ፤ አገጩ ወደ ላይ ተነሳ። አብዱልሐሊም ይህን አነሳስ ያውቀዋል፤ ስለ ሲራ ሊናገር ሲል እንዲህ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ራሱ ቀድሞት ብድግ አለ።

«ጓድ፣ ይፍቀዱልኝ። እሱን ከመጠየቅዎ በፊት እኔን ይጠይቁኝ። ያን አገር እኔም አውቀዋለሁ።»

«አንተስ መቼ ሄድክ?»

«ወላሂ እኔ ከደሴ አልፌ አላውቅም። ግን ይስሙኝ። አፈሩ ድንጋይ ነው። ዳገቱን ጦስኝ ሞልቶታል፤ ጦስኙ ወይኑ ውስጥ ይሸታል ይባላል፣ እኔ አልቀመስኩም፣ አላህ ይጠብቀኝ። ዘለላው ሦስት ዓይነት ነው፤ አጥንት፣ ሥጋ፣ በርበሬ። በእጅ ይለቀማል፣ ለየብቻ ይጠመቃል፣ ኋላ ይደባለቃል። በጉ አረሙን ይግጣል፣ በጠጡን ለማዳበሪያ ይተዋል። ነፋሱ ከባሕር ይመጣና ያደርቀዋል…»

«ከተራራ ነው» አለች ፋንቱ ከሴቶቹ አግዳሚ።

«ከባሕርም አለ» አለ የአብዮት ጥበቃው ረዲ፣ መሣሪያውን እንዳነገተ ከበሩ። «የባሕሩ ዝናብ ያመጣል። የሚያደርቀው የተራራው ነው።»

ጓድ ካሳዬ ወደ በሩ ዞሩ። «አንተም ሄደሃል?»

«ኧረ ጓድ፣ እኔ የምሄደው ሻይ ቤቱ ነው።»

ሳቁ ከኋላ ጀመረና ወደ ፊት መጣ። ጓድ ካሳዬ ጠረጴዛውን መቱ፤ ሳቁ ቆመ። ግርማይን ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ ሕዝቡን አዩ። መርሳን በሙሉ ጂፕ ላይ መጫን አይቻልም። «ሁለተኛ ስለ ማዳበሪያ ትንፍሽ ብትል» አሉ፣ ቀሪውን ሳይጨርሱት።

«ግን ጓድ፣ በጉ…» ሲል ግርማይ፣ አብዱልሐሊም እግሩን ረገጠው።

ጂፑ ባዶውን ሄደ። አብዱልሐሊም ጭንቀቴ አበቃ ብሎ ነበር፤ ገና መጀመሩ ኖሯል። ሙሴ ግርማይ ዝም አለ። በማግስቱም ዝም፣ ከዚያም ወዲያ ዝም። ሰው ስለ ግሬናሽ ቢጠይቀው «እኔ ምን አውቄ» ብሎ ሻይ ይቀዳል። አብዱልሐሊም ለዚህ ዝምታ ስንት ዱዓ አድርጓል። አሁን ሲመጣ ግን ስፌቱ ይጣመምበት ጀመር።

ምክንያቱም ግርማይ እጁ ሥራ ሲፈታ ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ አየ፤ ድንኳኖቹ ተተክለውበት ወደነበረው ሜዳ። አንዴ ብቻ፣ ለሱ ብቻ፣ እንዲህ ብሎት ያውቃል፦ «ቀን ስንት ሕፃን ጋ ገንፎ ይዤ እየደረስኩ ሳይበላው ይቀራል። ማታ ፈረንሳዩ ሙሴ ዢልቤርና እኔ ድንች ስንልጥ ቀን ያየነውን አናነሳም። እሱ በእንጨት መሬት ላይ የአባቱን ማሳ ይስልልኛል። ከአማርኛው ቆንጠር፣ ከእጁ ምልክት ዘገን እያደረገ ያስረዳኛል። ሊሄድ ሲል አንድ ኩባያ ወይን ሰጠኝ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ኮመጠጠኝ።» ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሜዳ አንሥቶ አያውቅም። የዚያን ቦታ የሚሞላለት ኮርቢዬር ብቻ ነበር።

የጥር ፀሐይ በረንዳው ላይ ወርዷል። ግርማይ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ያጥባል፤ ዓይኑ ሜዳው ላይ ነው።

«ግርማይ» አለው አብዱልሐሊም፣ ጨርቁን እያስተካከለ፣ ቀና ሳይል። «አሁን በዚህ በጥር ወር እዚያ ምን ይሠራል?»

ውኃው ከብርጭቆው ይንጠባጠባል።

«ይከረክማሉ» አለ ግርማይ ኋላ፣ ድምፁ ዝጎ።

አብዱልሐሊም ስለ መከርከም ከመርሳ ሰው ሁሉ አብልጦ ያውቃል፤ ወሬውን እየሰማ ስንት ሱሪ ሰፍቷል። እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳ።

«በምን? በማጭድ?»

«በማጭድ?» ግርማይ ዞረ። ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ እጁን በሽርጡ ጠራረገ። «አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስትሰማ ነው የኖርከው?» አለና ዱካውን ጎትቶ ተቀመጠ።